የጨፌ አረም ዘር ለምን ይተኛል፣ ምንስ ይቀሰቅሰዋል? ጅማ ላይ በቤት ውስጥ የሚሞከር ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ውስጥ ጨፌ ዳር ማሳ ያለው ሰው ይህን ነገር አሳምሮ ያውቀዋል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ውሃው ይሸሻል። መሬቱ ይቆፈራል፣ በቆሎ ይዘራል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ማሳው አረንጓዴ ይለብሳል። አረንጓዴው ግን በቆሎው አይደለም። ይታረማል፣ ተመልሶ ይመጣል። እንደገና ይታረማል፣ አሁንም ይመጣል። ቤተሰብ በሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚውልበት ሥራ ነው፤ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚቀሩበትም ጊዜ አለ።

ብዙ ሰው አረሙ ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስለዋል። አብዛኛው ግን ከየትም አልመጣም። እዚያው ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ነበር። እኛ ስንቆፍር ብርሃንና ሙቀት አሳየነው፣ ነቃ። የሚቀሰቅሰውን ነገር ካወቅን መቼ እንደሚነቃ መወሰን የምንችለው እኛ ነን። ለዚህ ደግሞ ትልቅ ላብራቶሪ አያስፈልግም። ሶፍት፣ ፎይል፣ የተቆረጠ ሃይላንድና ትዕግሥት ይበቃል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ

ያልበቀለ ዘር ሁሉ የተኛ አይደለም። ደረቅ ከረጢት ውስጥ ያለ ጤፍ አልተኛም፤ ውሃ እየጠበቀ ነው። ውሃ ስጡት፣ ይበቅላል። የተኛ ዘር ማለት ውሃም አየርም ተስማሚ ሙቀትም አግኝቶ አሁንም "አልወጣም" የሚል ነው። ውስጡ ያለው ሽል ገና አልበሰለም ይሆናል። ቅርፊቱ ውሃ አያስገባ ይሆናል። ወይም ደግሞ አንድ ምልክት ይጠብቃል፤ የጨፌ ዘር ላይ በብዛት የምናየው ይህንኛውን ነው። ምልክቱ ብርሃን ሊሆን ይችላል፣ የቀንና የሌሊት ሙቀት ልዩነትም ሊሆን ይችላል።

አረሙን መምረጥ

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ የቄጠማ ወገን የሆነ አንድ ዓመታዊ አረም ምረጡ። ቄጠማ ለበዓል የምንጎዘጉዘው፣ ቡና ሲፈላ ከረከቦቱ ሥር የምንበትነው የምንወደው ተክል ነው። ዘመዶቹ ግን ማሳ ውስጥ አስቸጋሪ አረም ናቸው። በዓለም ላይ በሩዝ ማሳ ውስጥ በጣም ከሚያስመርሩት አንዱ ሳይፐረስ ዲፎርሚስ የሚባለው ትንሽ ተክል ነው። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ በቅሎ፣ አብቦ፣ ዘር ይጥላል። አንድ ተክል ብቻውን በሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈራል።

እንዴት ትለዩታላችሁ? ግንዱን በሁለት ጣት ይዛችሁ አንከባልሉት። ሦስት ጠርዝ ካለው፣ እንደ ሣርም አንጓ ከሌለው፣ የቄጠማ ወገን ነው። ክብ ሆኖ አንጓ ካለው ሣር ነው። ዝርያውን በትክክል መለየት ካልቻላችሁ አትጨነቁ። አንድ ሙሉ ተክል ከነሥሩ ነቅላችሁ በጋዜጣ መሃል አድርቃችሁ አስቀምጡ፤ የሚያውቅ ሰው ስታገኙ ታሳዩታላችሁ። ዋናው ነገር የተለያዩ ተክሎችን ዘር አለመቀላቀል ነው።

ዘሩን መሰብሰብ

ጥሩው ወቅት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ነው። ክረምቱ ይወጣል፣ የአረሙ ራስ፣ ማለትም ዘር የያዘው ጫፍ፣ ቡናማ መሆን ይጀምራል። አረንጓዴውን አትሰብስቡ፤ ያልበሰለ ዘር ሳይበቅል ሲቀር "ተኝቷል" ብላችሁ ትሳሳታላችሁ። ራሱን መዳፋችሁ ላይ ቀስ ብላችሁ ስታራግፉት ዘሩ በራሱ ከረገፈ ደርሷል።

ከአንድ ተክል ብቻ አትውሰዱ። ከ20 ወይም ከ30 ተክሎች፣ ከውሃው ዳርም ከማሳው ጠርዝም፣ ጥቂት ጥቂት ውሰዱ። በወረቀት ፖስታ ያዙት። ፌስታል እርጥበት ያፍናል፣ ዘሩ ይሻግታል። ፖስታው ላይ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ፤ "ኪቶ፣ ከመንገዱ በታች፣ ጥቅምት 20" ዓይነት ነገር በቂ ነው።

ጅማ አካባቢ ወዳሉት ጨፌዎች፣ ቦዬም ሆነ ኪቶ፣ ስትሄዱ ቦቲ ጫማ አድርጉ። የቆመ ውሃ ውስጥ በባዶ እግር መግባት ለቢልሃርዚያ ያጋልጣል። ቦዬ ላይ ጉማሬ እንዳለም አትርሱ። ማለዳና አመሻሽ ውሃው ዳር ብቻችሁን አትቁሙ።

ማድረቅና መከፋፈል

ዘሩን በጥላ፣ ነፋስ በሚገባበት ቦታ፣ ለአንድ ሳምንት አስጡት። ፀሐይ ላይ አታስጡት። ከዚያ በጥሩ የሻይ ማጥለያ አጥልሉት፤ ገለባው ይቀራል፣ ዘሩ ያልፋል።

አሁን ሦስት ቦታ ክፈሉት። አንዱን ወዲያው ሞክሩ። ሁለተኛውን ደረቅ አድርጋችሁ ለ3 ወር በፖስታ አስቀምጡ። ሦስተኛውን ከታጠበ አሸዋ ጋር በስስ የናይሎን ጨርቅ ቋጥሩና በረጠበ ጭቃ በተሞላ ጣሳ ውስጥ ቅበሩት፤ እሱም 3 ወር ይቆይ።

ይህን ክፍፍል ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው ይህን ነው። አዲስ ዘር ብዙ ጊዜ ጠንከር ብሎ ይተኛል። ደረቅ ሆኖ ሲቆይ የአንዳንዱ እንቅልፍ ይቀላል። እርጥብ ጭቃ ውስጥ የቆየው ደግሞ ሌላ ባሕርይ ሊያሳይ ይችላል፤ የጨፌ ዘር በተፈጥሮ የሚቆየው እንደዚያ ስለሆነ ወደ ማሳው እውነት የሚቀርበው እሱ ነው። ጭቃ ውስጥ ያለ ዘር እንደ ወቅቱ ነቃ ብሎ ተመልሶ መተኛትም ይችላል። ስለዚህ በጥቅምት ያልበቀለ ዘር በጥር ሊበቅል፣ በሐምሌ ደግሞ እንደገና ሊተኛ ይችላል። አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሮ መፍረድ ያስታል።

ዘሩ በሕይወት አለ?

ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ "ባዶ ነው" የሚለውን ዘዴ እዚህ አትጠቀሙ። ለባቄላ ይሠራ ይሆናል። የጨፌ ተክሎች ዘር ግን ብዙው እንዲንሳፈፍ ሆኖ የተፈጠረ ነው፤ የሚጓዘው በውሃ ነዋ።

ቀላሉ መንገድ የመጫን ሙከራ ነው። ሙከራው አልቆ ያልበቀሉትን ዘሮች በመርፌ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ተጫኗቸው። ፈርጦ ውሃ ወይም ግራጫ ነገር ከወጣ ሞቷል። ጠንከር ብሎ ውስጡ ነጭ ከሆነ በሕይወት ያለ፣ የተኛ ዘር ነው። ላብራቶሪ የምታገኙ ተማሪዎች ከሆናችሁ ቴትራዞሊየም የሚባለውን ኬሚካል በውሃ አሟሙታችሁ ተጠቀሙ። የተቆረጠ ዘር ውስጥ ሲገባ ሕይወት ያለውን ክፍል ቀይ ያደርገዋል።

ሳህኑን ማዘጋጀት

ክዳን ያለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ሳህን ፈልጉ። ሁለት እጥፍ ሶፍት አንጥፉ፣ አርጥቡት፣ ሳህኑን አዘንብላችሁ ትርፍ ውሃውን አፍስሱ። ሶፍቱ መርጠብ እንጂ መዋኘት የለበትም። የዝናብ ውሃ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይሻላል።

ዘሩ እንዳይሻግት አንድ እጅ በረኪና ከአራት እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሉ፣ 5 ደቂቃ ንከሩት፣ ከዚያ አምስት ስድስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት። ዘሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ በስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ አድርጉት። ለመቁጠር ስቴኪኒ ጫፉን አርጥቡና አንድ አንድ አንሱ። በእያንዳንዱ ሳህን 25 ዘር አድርጉ። ለእያንዳንዱ ሁኔታ አራት ሳህን ያስፈልጋል፤ አንድ ሳህን ቢበላሽ ሦስቱ ይመሰክራሉ።

አንድ ተጨማሪ ሳህን ላይ፣ እንደ አረሙ ዘር በበረኪና ነክራችሁ ያለቀለቃችሁትን ፌጦ ዝሩ። ፌጦ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይበቅላል። ፌጦው ካልበቀለ ችግሩ የአረሙ እንቅልፍ አይደለም። በረኪናው በደንብ አልታጠበም ወይም ውሃው ተበላሽቷል። ያኔ ሁሉንም እንደገና ጀምሩ።

ዋናው ሙከራ፦ ብርሃንና የሙቀት ልዩነት

እዚህ ላይ ረጋ እንበል፤ ሁሉም ነገር የሚያጠነጥነው እዚህ ነው።

እኔ መጀመሪያ ስሞክር ሳህኖቹን ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር ያስቀመጥኳቸው። አቧራ እንዳይነካቸው ብዬ ነው። ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ፣ አንድም አልበቀለም። ዘሩ ሞቷል ብዬ ደመደምኩ። ልጥላቸው አውጥቼ በረንዳ ላይ ረሳኋቸው። ከሳምንት በኋላ ሳህኖቹ አረንጓዴ ነበሩ። ያን ቀን የገባኝን ነገር ከዚያ በኋላ ማንም መጽሐፍ በዚያ ልክ አላስረዳኝም።

ዘር ውስጥ ብርሃን የሚያነብ ፋይቶክሮም የሚባል ንጥረ ነገር አለ። በ1952 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቤልትስቪል የነበሩ ተመራማሪዎች በሰላጣ ዘር ላይ አሳይተውታል፤ ቀይ ብርሃን ዘሩን ያነቃዋል፣ ከቀዩ ዳር ያለው ጥልቅ ቀይ ደግሞ መልሶ ያስተኛዋል። የፀሐይ ብርሃን ቀይ ሞልቶታል። ቅጠል ግን ቀዩን ይበላና ጥልቅ ቀዩን ያሳልፋል። ስለዚህ ጥቅጥቅ ያለ ቄጠማ ሥር የወደቀ ዘር "ከላዬ ሌላ ተክል አለ፣ ብወጣም ቦታ የለኝም" የሚል መልእክት ይደርሰዋል። ያንን ቄጠማ ስናጭደው መልእክቱ ይቀየራል።

ሙቀቱም እንዲሁ ነው። ውሃ የተኛበት ጭቃ ቀንም ሌሊትም ሙቀቱ ብዙ አይለዋወጥም። ውሃው የሸሸበት ባዶ ጭቃ ግን ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ጅማ ላይ ከክረምቱ ይልቅ በጋው ይህ ልዩነት ይሰፋል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ቀኑ ፀሐያማ ነው፣ ሌሊቱ ግን ጋቢ ያስይዛል። ዘሩ ይህን ልዩነት ሲያነብ ሁለት ነገር ያውቃል፦ ውሃው ሄዷል፣ እኔም ከላይ ነኝ። ደግሞም ልክ ነው።

ሙከራው እንዲህ ነው። አራት ቡድን አድርጉ።

የመጀመሪያው ቡድን ክፍት ብርሃን ባለበት፣ ግን ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት በረንዳ ላይ ይቀመጥ። ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። የተዘጋ ሳህን ቀጥታ ፀሐይ ላይ ካስቀመጣችሁት ዘሩ ይቀቀላል፤ ተጠንቀቁ።

ሁለተኛው እዚያው በረንዳ ላይ፣ ግን በሁለት ድርብ ፎይል ተጠቅልሎ።

ሦስተኛው ቤት ውስጥ መስኮት አጠገብ፣ ትልቅ ሳፋ ውሃ ሞልታችሁ ሳህኖቹን በላዩ አንሳፍፉ። የውሃው ብዛት ሙቀቱን ያረጋጋዋል። ብርሃን ያገኛል፣ ልዩነት ግን አያገኝም።

አራተኛው በዚያው ሳፋ ላይ፣ በፎይል ተጠቅልሎ።

ርካሽ ቴርሞሜትር ካላችሁ ጠዋት 12 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ በሁለቱም ቦታ መዝግቡ።

በፎይል የተጠቀለሉትን መሃል ላይ ከፍታችሁ አትዩ! ለእርጥብ ዘር ጥቂት ብርሃን እንኳ ለመንቃት ሊበቃው ይችላል። ሳህኑን ስታዘጋጁም እነዚህን በፍጥነት፣ በደብዛዛ ብርሃን ጠቅልሏቸው። የሚከፈቱት በ21ኛው ቀን ብቻ ነው። ብርሃን ያላቸውን ግን በየሁለት ቀኑ ቁጠሩ። ሥር ወይም ነጭ ቡቃያ ቅርፊቱን ቀዶ 1 ሚሊ ሜትር ሲወጣ በቅሏል ማለት ነው። የበቀለውን አንስታችሁ ጻፉ።

ውሃና አየር

ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው በአየር ውስጥ ከሚንቀሳቀሰው ወደ 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ነው። ለዚህ ነው ውሃ የተኛበት መሬት ብዙ አረም የሚያፍነው። ሁሉንም ግን አይደለም። ኢኪኖክሎዋ ክሩስ ጋሊ የሚባለው የሩዝ ማሳ ሣር ኦክስጅን በሌለበትም መብቀል ይችላል። ስለዚህ የእናንተው አረም የትኛው እንደሆነ ራሳችሁ ማየት አለባችሁ።

አራት ትልልቅ ሃይላንድ ከመሃል ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ታችኛው ክፍል ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ጭቃ ሙሉበት። ጭቃው ውስጥ የራሱ ዘር እንዳይኖር አስቀድማችሁ በአሮጌ ምጣድ ላይ እርጥብ እንደሆነ ግማሽ ሰዓት በእንፋሎት አግሉት። ሲቀዘቅዝ 50 ዘር ላዩ ላይ በትኑ። አንዱን እርጥብ ብቻ አድርጉት። ሌሎቹ ላይ 2፣ 5 እና 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ አቁሙ። ውሃውን ስታፈሱ ዘሩ እንዳይንሳፈፍ ላዩ ላይ ወረቀት አድርጋችሁ በወረቀቱ ላይ አፍስሱ፣ ከዚያ ወረቀቱን አንሱት። የጎደለውን በየቀኑ ሙሉ።

አምስተኛ ሃይላንድ ዘር ሳይዘራበት ይቀመጥ። እዚያ የሆነ ነገር ከበቀለ ጭቃው በደንብ አልጋለም።

ጥልቀት

በዚያው የጋለ አፈር የሻይ ብርጭቆ ወይም ጣሳ ሙሉ። ዘሩን ላዩ ላይ፣ ግማሽ፣ 1፣ 2 እና 5 ሴንቲ ሜትር ሥር ቅበሩ። የሳይፐረስ ዲፎርሚስ ዓይነት ደቃቅ ዘር ከላይ ሲሆን በብዛት ይወጣል፤ 1 ሴንቲ ሜትር ሲቀበር ግን አይወጣም ማለት ይቻላል። ስንቁ ትንሽ ነው፣ ብርሃንም አይደርሰው። ትልልቅ ዘር ያላቸው አረሞች ግን ከ5 ሴንቲ ሜትር ሥርም ሊወጡ ይችላሉ።

ሌሎች የሚወሩ ነገሮች

ጨው ትልቅ ጉዳይ የሚሆነው አፋር ወይም የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ነው። ጅማ ላይ ጊዜያችሁን አታጥፉበት። ቅርፊቱ ጠንካራ የሆነ ዘር ካላችሁ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ፈግፍጋችሁ ካልተፈገፈገው ጋር አወዳድሩ። ላብራቶሪ ያላችሁ ደግሞ በአንድ ሊትር ውሃ 2 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት አሟሙታችሁ ሶፍቱን በሱ አርጥቡ። ናይትሬት የብዙ አረም ዘር እንቅልፍ ያቀላል። ማሳ ላይም መሬት ሲቆፈር ናይትሬት ስለሚጨምር ነገሩ ከዚያ ጋር ይያያዛል።

ቁጥሩን ማንበብ

ከ25 ዘር 18 ከበቀለ 72 በመቶ ነው። የአራቱን ሳህን አማካይ ውሰዱ። አራቱ በጣም ከተራራቁ፣ ለምሳሌ አንዱ 80 ሌላው 20 ከሆነ፣ አማካዩን አትመኑ። አንዱ ደርቆ ወይም ሻግቶ ይሆናል።

በረንዳው ላይ ብርሃን ያገኘው ብቻ ከበቀለ አረሙ ሁለቱንም ምልክት ይፈልጋል። ብርሃን ያገኙት ሁለቱም ቡድኖች ከበቀሉ ዋናው ቁልፍ ብርሃን ነው። ሁሉም ከበቀለ ዘሩ አልተኛም። አንዱም ካልበቀለ የመጫን ሙከራውን አድርጉ፤ ከዚያ ለ3 ወር ያቆያችሁትን ዘር ጠብቁ።

የራሳችሁ ጭቃ ውስጥ ምን ያህል አለ?

ይህን ገበሬ ሁሉ ቢያደርገው ደስ ይለኛል። ታኅሣሥ ላይ፣ ከመቆፈር በፊት፣ ማሳው ውስጥ 10 ቦታ ላይ እንጨት ትከሉ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ከላይ 5 ሴንቲ ሜትር ጭቃ በጣሳ ውሰዱ። ቤት አምጡና ሰፊ ትሪ ላይ በስሱ አንጥፉት፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይበልጥ። በረንዳ ላይ እርጥብ አድርጋችሁ አቆዩት። በየሳምንቱ የወጣውን ቆጥራችሁ ንቀሉ፣ አፈሩን በእጃችሁ አገላብጡ። አዲስ ዘር ብርሃን ሲያይ ሌላ ዙር ይወጣል። ሁለት ወር ቀጥሉ።

የሚወጣው ብዛት ሊያስደነግጣችሁ ይችላል። ዝም ብለን ብንተወው ያልቃል ብላችሁም አታስቡ። ዊልያም ቢል የተባለ አሜሪካዊ በ1879 እ.ኤ.አ. የ21 ዓይነት ተክሎችን ዘር በ20 ጠርሙስ አድርጎ ሚሺጋን ውስጥ ቀበረ። በ2021 እ.ኤ.አ. አንዱ ጠርሙስ ሲወጣ ከ142 ዓመት በኋላ የበቀሉ ዘሮች ነበሩ። ቻይና ውስጥ ከደረቀ ሐይቅ የተገኘ የሎተስ ዘር ደግሞ ወደ 1,300 ዓመት ዕድሜ እያለው በቅሏል።

ወደ ማሳው

ብርሃን ፈላጊ አረም ከሆነ ቀስቅሳችሁ ግደሉት። ከበቆሎው በፊት የላይኛውን 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጫር ጫር አድርጉ። እርጥበት ካነሰ ውሃ ርጩበት። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ጠብቁ፣ ይውጣ። ፀሐይ በጠነከረበት ቀን ጠዋት በመኮትኮቻ ላዩን ብቻ ፋቁት። ከዚያ ማሳውን እንደገና አትገልብጡ። በቆሎውን ጉድጓድ ጉድጓዱ ላይ ብቻ እየነካችሁ ዝሩ። እንደገና በዶማ ከገለበጣችሁት ከሥር የተኛውን ሌላ ዙር ወደ ብርሃን አወጣችሁት ማለት ነው። እስከዚያ የደከማችሁበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

በመስመሮቹ መሃል ገለባ ብታለብሱት ብርሃኑንም የሙቀቱንም ልዩነት ይቀንሳል። ግን ራስ ያወጣ ቄጠማ ለዚህ አትጠቀሙ፤ ዘሩን በእጃችሁ እየዘራችሁ ነው። ለበዓል የጎዘጎዛችሁትም ራስ ያወጣ ከሆነ ሲጠረግ ጓሮ አይጣል፣ ይቃጠል። ከሙከራው የተረፈውን ዘር አፍልታችሁ ድፉት። በሬውም ቦቲውም ከጨፌ ሲወጣ ጭቃውን እዚያው ይራገፍ።

የምንጩን ዓይንና የቦዩን ዳር ቄጠማ ግን ተዉት። ጨፌ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ስሙ አንድ ነው፤ ጥቅሙም ለሁላችን ነው። ውሃውን የሚይዘው እሱ ነው። የምንታገለው በቆሎው መሃል ያለውን ብቻ ነው።

የተከላችኋቸውን 10 እንጨቶች አትንቀሉ። በሚቀጥለው ታኅሣሥ ከዚያው አጠገብ በዚያው ጣሳ ጭቃ ውሰዱና እንደገና ቁጠሩ። ቁጥሩ ከቀነሰ ዘዴው እየሠራ ነው። ካልቀነሰ አንድ ቦታ ላይ አረሙ ዘር ጥሏል ማለት ነው፤ ከ10ሩ እንጨት የትኛው አጠገብ እንደሆነ ደብተሩ ያሳያችኋል።